ኢአርሲፒ ለጉበት የውሃ ከረጢት፦ ቱቦውን ይጠርጋል፣ ከረጢቱን ግን አይነቅልም

የዓይን ነጩ ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ ሲጠቁርና ገላ ሲያሳክክ «የወፍ በሽታ ነው» እየተባለ በቅጠላ ቅጠል ስንት ቀን ይባክናል። ጉበቱ ላይ ሃይዳቲድ ሲስት (በትል የሚመጣ የውሃ ከረጢት) ላለበት ሰው ግን ይህ ምልክት፣ በተለይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከታከለበት፣ ከረጢቱ ወደ ሐሞት ቱቦ ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኢአርሲፒ ነው፤ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቶ የሐሞት ቱቦን የሚጠርግ ሕክምና ማለት ነው።

ከረጢቱን የሚያመጣው በውሻ አንጀት የሚኖር፣ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትንሽ ትል ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከሐሞት ቱቦው ግፊት በጣም ስለሚበልጥ፣ እያደገ ሲሄድ የቱቦውን ግድግዳ ይበሳል። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ለዓመታት ላይታወቅ ይችላል። ሲሰፋ ግን ልጅ ከረጢቶች (በዋናው ከረጢት ውስጥ የሚፈጠሩ ትንንሾች)ና የተቀቀለ እንቁላል ነጭ የሚመስል ልባጭ ወርደው ዋናውን ቱቦ ይደፍኑታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ታካሚው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምስ ይቆይና የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጠዋል። ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ወደ ሐሞት ቱቦው ይገፋል፣ መውጫውን የሚዘጋው ጡንቻ ይቀደዳል፣ ከዚያ በባሉን ወይም በሽቦ ቅርጫት ይጠረጋል። ልባጩ ለስላሳና የሚቆራረጥ ስለሆነ እንደ ጠጠር በአንድ ጉተታ አይወጣም፤ ደጋግሞ መጥረግ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ ቱቦውን ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ (ስቴንት) ይቀመጣል።

ለተደፈነ ቱቦ ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። አንዷን የሚያስቀንሰው ስቴንቱ ነው። በ3 ወር ገደማ ካልወጣ ወይም ካልተቀየረ ራሱ ይደፈንና የቱቦ ኢንፌክሽን ይመልሳል። ከሥራው በኋላ ወደ ጀርባ የሚወጋ ጠንካራ የሆድ ሕመም ከመጣ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መመለስ ነው። ይህን ለመቀነስ 100 ሚሊግራም ኢንዶሜታሲን በፊንጢጣ ይሰጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ካልተናገረ የተቀደደው ቦታ ሊደማ ይችላል።

ሙሉ 5 ኮከብ የሚያገኘው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐሞት በድሬን (ፈሳሽ ለማውጣት በሆድ በተተወ ቱቦ) መፍሰሱን ሲቀጥል ነው። በቀን ከ300 ሚሊሊትር በታች የሆነው ብዙውን ጊዜ በራሱ ይደርቃል። ከዚያ ሲበልጥ ግን ጡንቻው ሲቀደድ ሐሞቱ በቀላሉ ወደሚወርድበት አንጀት ያዘነብላል፣ ቀዳዳውም የመዳን ፋታ ያገኛል።

ቢጫነቱ ሲለቅ «ዳንኩ» ብሎ መቅረት ግን ስህተት ነው። ከረጢቱ እዚያው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል፣ ለአዋቂ በተለምዶ 400 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይመጠጣል። የደም ሴልና የጉበት ምርመራ ሳይደረግ አይቀጠልም፣ ለነፍሰ ጡርም አይመከርም። መድኃኒቱ የተደፈነ ቱቦ ግን አይከፍትም።

ትሉን ለመግደል «ከረጢቱን በመርፌ ቀድተን አልኮል እንጨምርበት» የሚል ሐሳብ ከመጣ መጀመሪያ የተቀዳው ፈሳሽ ለቢሊሩቢን (ለሐሞት ቀለም) ይመርመር። ሐሞት ከተገኘበት አልኮልም ሆነ 20 በመቶ የጨው ውሃ አይገባም፤ ወደ ቱቦው ከዘለቀ ያቃጥለውና ለዘለቄታው ያጠበዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ኤምአርሲፒ ነው ወይስ ኢአርሲፒ? ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ የመጀመሪያው ፎቶ ብቻ ነው። ዋጋው ስቴንቱንና ማውጫውን ያካትታል? አንጀት ቢበሳ ቀዶ ሐኪም በቅርብ አለ? ስትወጡም ስቴንቱ የገባበትን ቀንና የሚወጣበትን ቀጠሮ በጽሑፍ ተቀበሉ።