ከነእምቡጡ የሚሸጥ አበባ፦ ስለ አንዲት የጣና ዳር ችግኝ መሸጫ

ባሕር ዳር ላይ አበባ የሚሸጥበት ቦታ አይቸግርም። በሐይቁ ዳር መንገድ ስትሄዱ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ የተደረደረ ችግኝ በየቦታው ታያላችሁ። የሚቸግረው ቤት ገብቶ የሚያብብ አበባ ማግኘት ነው። እኔ የሴቶች ጸጉር ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ካስክ ስር ሲቀመጡ ሕይወት ያለው አበባ እንዲያዩ ስለምፈልግ ከብዙዎቹ ሻጮች ገዝቻለሁ፤ ፕላስቲክ አበባ ቤቴ አስገብቼ አላውቅም። ከሁሉም ግን ዋርካ ስር ሰማያዊ ሸራ ወጥራ የምትሸጠው እናት ትበልጥብኛለች። ሰሌዳም ስምም የለውም ቤቷ፤ እኛ ደንበኞቿ «እትዬ ጋ» ነው የምንለው።

የምትለይበት ነገር ይኼ ነው፦ ሙሉ በሙሉ ያበበ አበባ ለቤት አትሸጥም። ሰው የሚማረከው በፈካው ነው፤ ተሸክሞት ይሄዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል፤ «ቤቴ አይስማማውም» ብሎ ይተወዋል። እትዬ ጋ ስትሄዱ ግን አንድ ሁለቱ ብቻ ቀለም ያሳዩ፣ የቀሩት እምቡጦች ግጥም ብለው የተዘጉበትን ትመርጥላችኋለች። ቅጠሉን ገልብጣ ከስር ታያለች፤ ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ ማሰሮውን አንስታ ከታች ባለው ቀዳዳ ሥሩን ታሳያለች፦ ነጭ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ቡናማና ልፍስፍስ ያለ ከሆነ ውኃ በዝቶበታል። «ያበበውን ለሠርግ ግዢ የኔ ልጅ፤ ለቤትሽ ከሆነ ይኼን ውሰጂ» አለችኝ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን።

ከእሷ የወሰድኩት ካላንኮ ነው፤ ሥጋማ ቅጠል ያለው፣ የእኛው እንዳሁላ ዘመድ፣ ዘሩ ከማዳጋስካር የመጣ። የመጀመሪያው አበባ ካለቀ በኋላ እንደገና ማስያዝ ነው ጥበቡ፤ እትዬም ከፍላችሁ ከሄዳችሁ በኋላ እንኳን ስትመለሱ ያንን ሳትሰለች ታስረዳችኋለች። ካላንኮ የሌሊቱን ርዝመት ቆጥሮ ነው የሚያብበው። በቀን ወደ 14 ሰዓት ያህል ያልተቋረጠ ጨለማ ለ6 ሳምንት ገደማ ካገኘ እምቡጥ ይይዛል። ክሪሳንተመም የሚባለው አበባም ጠባዩ እንደዚሁ ነው። ባሕር ዳር ላይ የክረምቱ ረጅም ቀን 13 ሰዓት አይሞላም፤ በታኅሣሥ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ያለው በበጋ ሌሊቱ ሲረዝም ራሱን ችሎ ያብባል። ማታ እስከ 3 ሰዓት አምፖል በሚበራበት ቤት ያለው ግን ሌሊቱ መግባቱን አያውቅም፤ ቅጠል ብቻ ያወጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ካርቶን ይደፋበታል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ይነሳለታል፣ ቀን ደግሞ መስኮት አጠገብ ጥሩ ብርሃን ያገኛል። ካርቶኑ ብርሃን የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው በጥቁር ፕላስተር ይሸፈን፤ እኩለ ሌሊት ላይ ለአጭር ጊዜ የበራ መብራት እንኳ ሥራውን ያበላሻል። እምቡጡ ከታየ በኋላ ካርቶኑ አያስፈልግም። ሻምፑ የመጣበት ካርቶን የእኔን ሁለት ማሰሮ በደንብ ሸፍኖልኛል፤ አሁን ቀዩ መስታወቱ ስር ፈክቷል፣ ደንበኞቼም ከየት እንደገዛሁት ሳይጠይቁ አይወጡም።

ሁሉም አበባ ጨለማ ይፈልጋል ማለት ግን አይደለም። አፍሪካን ቫዮሌት ተቃራኒው ነው፤ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ለስላሳ ብርሃን ሲያገኝ ነው የሚያብበው። ለእሱ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ከነታይመሩ፣ ማለትም በሰዓቱ ከሚያበራና ከሚያጠፋው መሣሪያ ጋር፣ እዚያው ይሸጣሉ። አምፖሉ ጥሩ ነው፣ ቅጠሉን አያቃጥልም። ታይመሩን ግን አልመክርም። በእጅ የሚሽከረከረው ዓይነት ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ቆጠራው ይቆማል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። በእኛ ከተማ የመብራት ጠባይ ሳምንት ሳይሞላ ማታና ጠዋቱ ይዛባበታል። ባትሪ ያለውን ዲጂታል ከኤሌክትሮኒክስ ቤት ግዙ፤ በዋጋ ይበልጣል እንጂ አያሳፍርም።

ስለ ማዳበሪያ ለብቻው መጻፍ አለብኝ፤ ብዙ ሰው አበባውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከገበሬ ዘመድ የመጣ ዩሪያ ማሰሮ ላይ መበተን የተለመደ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ያማረ ይመስላል፣ እምቡጥ ግን ይዘገያል። ኤንፒኤስ የሚባለው ሌላው የገበሬ ማዳበሪያ ቀመሩ 19፣ 38 እና 7 ነው፦ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር። ፖታሲየም የለበትም፤ አበባ ሊይዝ የተነሳ ተክል ግን ፖታሲየምን በጣም ይፈልገዋል። እትዬ ለዚህ የምትሸጠው ከእምቦጭ የተሠራ ኮምፖስት ነው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ ፎገራና ደምቢያ ላይ ገበሬውንም ዓሣ አጥማጁንም ያስለቀሰ አረም ነው፤ ከውኃው ግን ፖታሲየም በብዛት ይሰበስባል። ያ ጠላታችን አፈር ሆኖ አበባ ሲያሳብብ ማየት እኔን ያስደስተኛል፤ ይኼን ኮምፖስት ለመግዛት ብቻ ቢሆን እንኳ እዚያ እሄዳለሁ።

ስትገዙ ግን በእጃችሁ ዝገኑና አሽትቱት። በደንብ የበሰለው የዝናብ አፈር ነው የሚሸተው፤ የእምቦጩ ግንድ ቅርጹ አይለይም፣ ሲጨብጡት ይፈረፈራል። ክሩ ገና የሚታይና የሚከረፋ ከሆነ አትውሰዱ። የእምቦጭ ፍሬ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት የሚቆይ ስለሆነ ክምሩ መሃሉ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ለቀናት መቆየት አለበት። እትዬ ክምሩን ስትገለብጥ እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመታል፤ አሳይታኛለች። አትክልት ላይ እኔ አልጠቀምበትም፤ እምቦጭ ከውኃው ብረታ ብረቱንም ስለሚስብ ለአበባ ብቻ ይሁን።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። አፈሩ ይከብዳል። የሐይቁ ዳር ጥቁር አፈር ስለሚበዛበት ውኃ ይይዛል፤ ካላንኮ ደግሞ እግሩ እርጥብ ከሆነ ይበሰብሳል። ቤት ስትደርሱ አንድ ሦስተኛ ያህል ሬድ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ቀላቅሉበት፤ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ዘንድ በርካሽ ይገኛል። ችግኙ ላይ ስም የሚጽፍም የለም። ልጇ ሲኖር «ቀዩ ነው፣ ቢጫው ነው» እያለ ይሰጣል፤ ሮዝ የተባለው ቤት ገብቶ ብርቱካናማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለቀለም የምትጨነቁ ከሆነ እናትየው ባለችበት ሂዱ።

ክረምት ላይ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ሌላ ፈተና ነው። ድፍን ያለ አበባ ውስጥ ውኃ ከገባና አየር ካልተንቀሳቀሰ ግራጫ ሻጋታ ይይዛል፤ ከመሃል ጀምሮ ነው የሚበሰብሰው፣ ከውጭ እስኪታይ ጊዜው ያልፋል። ውኃ ከላይ አታርከፍክፉ፤ አፈሩ ላይ ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት። ትንሽ ቬንትሌተር በቀጥታ ሳይሆን በጎን በኩል ቢነፍስበት በጣም ይጠቅማል። እኔ ከካስኩ አርቄያለሁ፤ ሙቀቱ እምቡጡን ያደርቃል። የበሰለ ማንጎና ሙዝም አጠገቡ አታስቀምጡ፤ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ ካላንኮን ያጠወልገዋል።

ለክሪሳንተመም እትዬ ያሳየችኝ አንድ ነገር አለ። ከጫፉ እምቡጥ ሥር በጎን የሚወጡትን ትንንሾች የአተር ፍሬ ሳያክሉ በአውራ ጣት ጥፍር ወደ ጎን ጎንበስ አድርጎ መቀንጠስ ነው፤ ጠብ ብለው ይወጣሉ፣ ግንዱ አይቆስልም። የቀረው አንዱ የቡና ሲኒ አፍ ይሞላል። ብዙ ትንንሽ አበባ የሚወድ ደግሞ ይተወው፤ እኔ ትልቁን እወዳለሁ።

ካላንኮ በእምቡጡ እኔ በ350 ብር ነው የወሰድኩት፤ ኮምፖስቱ በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ 200። መንገድ ላይ ከሚዞሩት ይወደዳል፤ ስለሚቆይ ግን ያዋጣኛል። ባጃጅ ከያዛችሁ ማሰሮውን ጭናችሁ ላይ አድርጉት፤ ከኋላ ከተጫነ እምቡጡ ይሰበራል። አዲስ ችግኝ የሚገባው ሰኞ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ምርጡን ታገኛላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሆቴሎቹ ጠራርገው ይወስዱታል።