ለፍራፍሬ አምራቹ የቆሙ ተቋማት፦ ከሆለታ እስከ ኃይሌ ጋርመንት

በአዲስ አበባ ዙሪያ ፍራፍሬን ለገበያ የሚያመርት ሰው «የሚረዳኝ አጣሁ» ቢል ሙሉ በሙሉ እውነት አይሆንም፤ ከምርምር ማዕከል እስከ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ከላኪዎች ማኅበር እስከ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ድረስ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ተቋማት ጥቂት አይደሉም። ድጋፉ ግን ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። ችግኙ ጉድጓድ ውስጥ እስኪገባ ድረስ መካሪውም አሠልጣኙም ሞልቷል፤ ፍሬው ደርሶ ሳጥን ውስጥ ሲገባ አምራቹና ደላላው ብቻቸውን ይፋጠጣሉ። ስለዚህ ተቋማቱን የመዘንኩት በሚሰጡት ሥልጠና ብዛት ሳይሆን፣ ከተከላ እስከ ሽያጭ ባለው መንገድ ላይ የትኛው ድረስ አብረው እንደሚዘልቁ በማየት ነው። በጓሮው ሁለት እግር አቮካዶ ያለው ቤተሰብም ሆነ በኮንቴይነር ወደ ውጭ የሚልክ ኩባንያ ይህ ግምገማ ብዙም አይመለከታቸውም። የሚመለከተው እንደ እኔ በመካከል ያለውን፣ ከግማሽ ሄክታር እስከ ጥቂት ሄክታር አልምቶ ምርቱን ለአዲስ አበባ ለማቅረብ የሚያስበውን ሰው ነው።

ከማንኛውም ተቋም በፊት መታየት ያለበት የመሬቱ ከፍታ ነው። ከዋና ከተማዋ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ደግሞ ከፍታው ይጨምራል። በዚህ ወገን ከኅዳር እስከ ጥር የሚወርደው ውርጭ ለጋ የአቮካዶ ችግኝን ስለሚያቃጥል፣ የሚያዋጣው አፕል፣ ፕሪምና ኮክ ነው። በዱከምና በቢሾፍቱ አቅጣጫ 1900 ሜትር አካባቢ ሲደረስ አቮካዶው ተራውን ይረከባል። ይህን ልዩነት ሳይጠይቅ አንድ ዓይነት ችግኝ ለሁሉም የሚያድል ተቋም፣ ችግኙን በነፃ ቢሰጥም እንኳ አምራቹን የሚያስከፍለው የዓመታት ድካም ነው።

በዚህ ረገድ ከፍተኛውን ነጥብ የምሰጠው ለግብርና ምርምር ማዕከላቱ ነው። የሆለታው ማዕከል በደጋ ሰብሎች፣ ከአዳማ አለፍ ብሎ ያለው የመልካሳው ደግሞ በቆላና በወይና ደጋ ፍራፍሬ ላይ ያካበቱት ዕውቀት ለአምራቹ ትልቁን ነገር ይሰጣል፤ እሱም የዝርያውን ስም ነው። ስም ስል ቀላል ነገር እንዳይመስል። አፕል ከእንቅልፉ ነቅቶ እንዲያብብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ለተወሰኑ ሰዓታት ማግኘት አለበት፤ በአውሮፓ የሚታወቁት ብዙዎቹ ዝርያዎች ከ800 ሰዓት በላይ ስለሚፈልጉ በእኛ ደጋ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጡም። አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ዝርያዎች ከ300 ሰዓት ያልበለጠ ቅዝቃዜ ስለሚበቃቸው ለእኛ አገር የተመቹ ናቸው፤ ነገር ግን አና ብቻውን ከተተከለ በቂ ፍሬ ስለማይቋጥር ዶርሴት ጎልደን በመካከሉ መሰባጠር ይኖርበታል። በደጋችን ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ስለማይረግፍም ከምርት በኋላ በእጅ መልቀም ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ከባለሙያ አፍ ሳይሰማ የተከለ ሰው ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ የሚገባው ዛፉ ካረጀ በኋላ ነው።

የአቮካዶውም ነገር እንዲሁ ነው። ሐስ የሚባለው ዝርያ አበባው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈትና ይዘጋል፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሆኖ እንደገና ይከፈታል። ኤቲንገርና ፉየርቴ ከሰዓት በኋላ ሴት ሆነው ተከፍተው በማግሥቱ ጠዋት ወንድ ይሆናሉ። በመሆኑም በሐስ ማሳ ውስጥ ጥቂት የኤቲንገር ዛፎችን መትከል ለንቦቹ ሥራቸውን ያቀልላቸዋል። የማዕከላቱ ድክመት ብዛት ላይ ነው። ሥራቸው ምርምር እንጂ ችግኝ ማባዛት ባለመሆኑ፣ ለአንድ ሄክታር የሚበቃ ችግኝ ፈልጎ የሄደ ሰው ምክሩን ይዞ፣ ችግኙን ግን ከሌላ ቦታ ሊፈልግ ይገደዳል። ያም ሆኖ ምክሩ ብቻውን ለጉዞው ይበቃል።

ችግኝ ከግል ወይም ከማኅበር ችግኝ ጣቢያ ሲገዛ የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ገዢ ግን ቁመቱንና የቅጠሉን ልምላሜ ብቻ አይቶ ይከፍላል። የተዳቀለበት ቦታ፣ ማለትም የተመረጠው ዝርያ ከታችኛው ግንድ ጋር የተጣበቀበት፣ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በግልጽ መታየት አለበት፤ የታሰረበት ፕላስቲክ ግንዱን አንቆ መቆየት የለበትም፤ ከተዳቀለበት በታች የሚያቆጠቁጥ ካለ በጊዜው ያልተቆረጠ ችግኝ ነውና ይታለፍ። ከዚያም የአንዱን ፕላስቲክ ግርጌ እንዲቀደድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዋናው ሥር እንደ መንጠቆ ተጠማዞ ከተገኘ ዛፉ ዕድሜ ልኩን ሲንገዳገድ ይኖራል። ይህን ጥያቄ በደስታ የሚቀበል ችግኝ ጣቢያ ምርቱን የሚያምን ነው፤ ፊቱን የሚያጠቁር ካለ መልሱን ያኔውኑ ሰጥቷል። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ሲችል፣ በደንብ የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ይጀምራል። ስለዚህ በዋጋ ርካሽ የሆነው ችግኝ ርካሽ የሚሆነው በግዢው ዕለት ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመ ሲሆን፣ በዘርፉ ካሉት ሁሉ በአደረጃጀቱ የጠነከረው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መጀመሪያ ለአበባ እርሻዎች ያወጣው የአሠራር ደንብ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚባሉ ደረጃዎች አሉት፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል አቀማመጥን፣ የሠራተኛ ደኅንነትንና የውኃ አጠቃቀምን የሚመለከቱ ዝርዝሮቹ ለማንኛውም የፍራፍሬ እርሻ መማሪያ ይሆናሉ። አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው ሆርቲፍሎራ የተሰኘው የንግድ ትርዒትም የጠብታ መስኖ፣ የማሸጊያና የቀዝቃዛ ማከማቻ አቅራቢዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያገናኝ፣ አባል ያልሆነ ሰው እንኳ ጎብኝቶት ዋጋ ቢያወዳድር ይጠቀማል። ይሁንና ስሙ እንደሚናገረው የላኪዎች ማኅበር ነው፤ ከአባላቱም አበባ አምራቹ ያመዝናል። ምርቱን ለአዲስ አበባ ጁስ ቤቶችና ሱፐር ማርኬቶች ለሚያቀርብ ሰው የአውሮፓ ገዢዎች የሚጠይቁትን፣ ግሎባል ጋፕ የተባለውን የመልካም ግብርና አሠራር የምስክር ወረቀት ማሳደድ ገና ነው። ወደ ውጭ የመላክ ሐሳብ ላለው ግን ሌላ በር መፈለግ አያስፈልገውም።

በኅብረት ሥራ በኩል በስፋት የሚታወቀው የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን ነው። አባላቱ በስምጥ ሸለቆው በመስኖ የሚያመርቱ ሲሆኑ፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙ ከፍራፍሬው ይበልጣል፤ ለአዲስ አበባ ዙሪያ አምራችም በቀጥታ የሚሰጠው አገልግሎት የለም። እዚህ የማነሳው ግብዓትን በጋራ መግዛትና ምርትን በጋራ መሸጥ በአገራችን የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረትም በመሠረታዊ ማኅበር ውስጥ አንድ አባል፣ ዕጣው ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ይህ ለአነስተኛው አምራች ትልቅ ዋስትና ነው፤ ስብሰባ ላይ ከተገኘ ማለቴ ነው።

በዱከም አቅጣጫ አባል የሆንኩበትን ማኅበር በስሙ አልጠራውም፤ ጥንካሬውም ድክመቱም የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ከሌሎች አምራቾች ጋር ስነጋገር ተረድቻለሁ። ጥንካሬው ከማሳ ይጀምራል። የአካባቢው አፈር ክረምት ውኃ የሚተኛበት ጥቁር ኮትቻ ነው፤ አቮካዶ ደግሞ ሥሩ ለቀናት ውኃ ውስጥ ከቆየ የሥር አበስብስ በሽታ ይጠናወተዋል። የማኅበሩ ባለሙያ ማንም አዲስ አባል ጉድጓድ ቆፍሮ ከመትከሉ በፊት ከፍ ያለ መደብ እንዲሠራና ውኃው የሚወጣበትን ቦይ እንዲያሳይ ያስገድዳል። አንዳንዱ ያጉረመርማል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ግን የሚያጉረመርም አላየሁም።

ከሁሉም የወደድኩት የመረከቢያውን ቀን ሥርዓት ነው። ፍሬው በዱላ እንዳይረገፍ ማኅበሩ ጫፉ ላይ መቁረጫና ከረጢት ያለው ረጅም እንጨት በተራ ያውሳል፤ ፍሬውን ከቅርንጫፉ የሚያያይዘው ጭራም ጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲቀር ያሳስባል፤ ጭራው የወጣበት ቀዳዳ የመበስበስ በር ስለሆነ ነው። ምርት ከመጀመሩ በፊት ከየማሳው ጥቂት ፍሬ ተወስዶ ሥጋው በስሱ ይከተፋል፣ 100 ግራም ተመዝኖ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ይደርቃል፤ 23 ግራምና ከዚያ በላይ ከቀረ ማሳው ለለቀማ ደርሷል ይባላል። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ ስለማይበስል፣ ለጋውን ለለቀማ ከደረሰው በዓይን መለየት ለብዙ ዘመን የኖረ ገበሬንም ያታልላል። ለጋው ከተለቀመ ደግሞ ይጨማደዳል እንጂ አይበስልም፤ አንዴ የከሰረ ጁስ ቤት ሁለተኛ አይመለስም።

ሚዛኑ ላይ የምትቆመው ወጣት ፍሬ መርጣ ስታወጣ አንድ ጊዜ በዕድሜ ጠና ያሉ አባል ሲከራከሯት ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ይኼኛው የረገፈ ነው፤ ለብቻው ያድርጉት» አለቻቸው። «አይ ልጄ፣ ጠባሳው እኮ ከነፋስ ነው» አሉ። ፍሬውን ገልብጣ ባዶውን ቀዳዳ እያሳየች «እሺ፣ ጭራው የት ሄደ?» ስትላቸው ስቀው ተቀበሉ። ደረሰኙ ሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ ለአባሉ ይሰጣል፤ ክብደቱና ደረጃው ተለይተው ይጻፋሉ። ደላላ ግን ማሳውን በዓይኑ ገምቶ በጥቅሉ ነው የሚገዛው።

ድክመቱ የሚጀምረው መኪናው ከግቢው ሲወጣ ነው። ዋጋው የሚነገረን ምርቱ ከተሸጠ በኋላ ነው፤ ክፍያውም ገዢው እስኪከፍል እየተባለ ሳምንታት ይዘገያል። በዚህ መሀል ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ ደላላ ከማኅበሩ ዋጋ ዝቅ ቢያደርግም የሚሸጥለት አያጣም፤ የሚሸጡትንም ለመውቀስ ይከብደኛል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የማኅበሩን የክፍያ ቀን አይጠብቅም። ማኅበሩ ቀዝቃዛ ክፍል ስለሌለውም ገበያው በጠገበበት ሰሞን ምርቱን ጥቂት ቀን አቆይቶ የመደራደር አቅም የለውም።

የከተማው ገበያ ራሱ የተለየ ተቋም ነው። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር፣ ከደቡብ መስመር ለሚገባ አምራች መንገዱ አጥሯል፤ አሠራሩ ግን አልተለወጠም፤ ዋጋው ሌሊት ይቆረጣል፣ ቆራጩም አምራቹ አይደለም። የቅዳሜና እሑድ ገበያዎች ለሸማቹም ለአነስተኛ አምራቹም የሚመቹ ናቸው፤ ሆኖም ሙሉ ቀን ተቀምጦ የሚሸጥ ሰው ይፈልጋሉ። አትክልትና ፍራፍሬ ይሸጥ የነበረውን የመንግሥት ድርጅት ኢትፍሩትን በተመለከተ ዕድሜው የፈቀደ አንባቢ በየሠፈሩ የነበሩትን ሱቆች ያስታውሳል፤ ድርጅቱ በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሥር ተጠቃሏል። በግልጽ የተለጠፈ ዋጋ ያለው ገዢ ለአምራቹ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ ግን ከእነዚያ ሱቆች መማር ይቻል ነበር።

ምክሬን የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ዝርያውንና ተከላውን ከምርምር ማዕከል ባለሙያ ሳይማከር ገንዘቡን አያውጣ እለዋለሁ። በአካባቢው ያለ ማኅበር አባል ከመሆኑ በፊት ደግሞ የአዳራሹን ስፋትና የሥልጠናውን የምስክር ወረቀት ትቶ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ የራሱ ሚዛን አለው ወይ፣ ደረሰኝ ይሰጣል ወይ፣ ያለፈው ምርት ክፍያ ከርክክብ በኋላ በስንት ቀን ተፈጸመ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ አላቸው። ለሦስተኛው ከሌሎች አባላት ጋር ሆነን፣ የመነሻ ዋጋው ከርክክቡ በፊት በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍና የክፍያው የመጨረሻ ቀን በውሉ ላይ እንዲሰፍር ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ እንዲያዝልን በጽሑፍ አመልክተናል፤ የዓመቱን የአባልነት መዋጮም ከፍያለሁ።