ዓመታዊ የፕሮጀክት ዝርዝር ወይስ የሦስት ዓመት ተንከባላይ ዕቅድ?

አንድ አነስተኛ የኢትዮጵያ ከተማ የመንገድና የውኃ ማፋሰሻ ግንባታውን በየዓመቱ በሚወጣ አዲስ የፕሮጀክት ዝርዝር ሊመራ ይችላል፤ አለበለዚያ በየዓመቱ እየተከለሰ ወደፊት የሚገፋ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ይይዛል። ሁለተኛውን አሠራር በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው፣ 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም አስፋፍቶታል።

ዓመታዊው ዝርዝር ባለሙያ ለሚያንሰው ማዘጋጃ ቤት ቀላል ነው፤ የነዋሪውን አዲስ ጥያቄም ቶሎ ያስተናግዳል።

ችግሩ የሚገለጠው በጊዜ ሰሌዳው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 በክረምት ስለሚጀምር፣ ዲዛይኑና ጨረታው ከዚያ በኋላ ከተጀመሩ ተቋራጩ ወደ ሥራ የሚገባው በጋው ከተጋመሰ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ሥራውም ሳይጠናቀቅ ቀጣዩ ክረምት ይደርስበታል። በተንከባላዩ ዕቅድ ግን የከርሞው ፕሮጀክት ዲዛይን ዘንድሮ ስለሚያልቅ፣ ዝናቡ እንዳባራ ግንባታ መጀመር ይቻላል። ከሁሉ በላይ የምደግፈው ቅደም ተከተልን ስለሚያስከብር ነው፤ ቧንቧው ሳይቀበር የተነጠፈ ኮብልስቶን በዓመቱ መልሶ ሲፈነቀል ማየት፣ የሕዝብ ገንዘብ ነውና፣ እጅግ ያሳዝናል።

የተንከባላዩ ዕቅድ ድክመት የገቢ ትንበያው ነው፤ ከመሬት ሊዝ የሚጠበቀው ገቢ ተጋንኖ ከተያዘ ዕቅዱ የምኞት ዝርዝር ይሆናል። ስለዚህ ተንከባላዩን የሚመርጥ ከተማ ገንዘባቸው የተረጋገጠ ፕሮጀክቶችን ብቻ በዕቅዱ የመጀመሪያ ዓመት ውስጥ ማስገባት፣ ጎርፍ ለሚያፈርሰው ድልድይ የሚሆን መጠባበቂያም ለይቶ መያዝ ይኖርበታል።