ክሮኒክ፦ ሥራው ሲሳካ ዝም የሚል፣ ሲከሽፍ የሚናገር

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሥራዎችን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ክሮን፣ የሚያስኬደው ስክሪፕት (ተከታታይ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) አንድ መስመር እንኳ ከጻፈ፣ ክሮን ያንን ጽሑፍ ለባለቤቱ በኢሜይል ይልካል። ይሁንና በርካታ ስክሪፕቶች ሌሊት ሌሊት «ተጠናቀቀ» እያሉ ሲልኩ ተቀባዩ ሳይከፍት መሰረዝን ይለምዳል፤ የስሕተቱም መልእክት አብሮ ይጠፋል። ውጤቱን ሁሉ ወደ ዴቭ ነል፣ ማለትም የገባበት ሁሉ ወደሚጠፋበት የሊኑክስ ፋይል፣ መጣል ደግሞ፣ ብዙዎቻችን ብናደርገውም፣ የባሰ ነው።

ጆይ ሄስ በጀመረው ሞርዩቲልስ በተባለው ነፃ የፕሮግራሞች ጥቅል ውስጥ የሚገኘው ክሮኒክ ለዚሁ ችግር የተሠራ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ጥቅሉን ከጫኑ በኋላ በክሮን መስመር ላይ ከስክሪፕቱ ስም በፊት ክሮኒክ ብሎ መጻፍ ይበቃል። ክሮኒክ ስክሪፕቱ የሚያወጣውን ሁሉ በሜሞሪ ይዞ ይጠብቃል፤ የስክሪፕቱ ኤግዚት ኮድ (ሲያልቅ መሳካት አለመሳካቱን የሚናገርበት ቁጥር) 0 ከሆነ ይጥለዋል፣ ከ0 ሌላ ከሆነ ግን ሁሉንም ያወጣዋል።

እኔ የዳታቤዝ ባክአፕ በሚወስድ ስክሪፕት ላይ ስጠቀምበት የኢሜይሉ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ቆመ። ከጊዜ በኋላ ግን የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ተቀይሮ ኖሮ ባክአፑ ባዶ ፋይል ሆኖ ሲከማች መሰንበቱን ያየሁት በአጋጣሚ ነበር። ዳታቤዙን የሚገለብጠው ትእዛዝ ቢከሽፍም በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) የተያያዘው ፋይል አሳናሹ ጂዚፕ ሥራውን በሰላም ስለጨረሰ፣ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ባሽ የመጨረሻውን ትእዛዝ ኮድ ወስዶ 0 መለሰ፤ ክሮኒክም እንደተነገረው ዝም አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ በፓይፕ ከተያያዙት አንዱ ሲከሽፍ ሁሉንም እንደከሸፈ የሚቆጥረውን፣ ፓይፕፌይል የተባለውን የባሽ ቅንብር ባበራ ኖሮ በማግስቱ ጠዋት በሰማሁ ነበር። ከሰረዝ በኋላ በኢ ፊደል የሚጻፈው የክሮኒክ አማራጭ ኮዱ 0 ቢሆንም በስታንዳርድ ኤረር (ለስሕተት መልእክቶች በተለየው የውጤት መስመር) ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ውጤቱን ያወጣል፤ እንደ ከርል ያሉ ፋይል ከኢንተርኔት የሚያወርዱ ፕሮግራሞች ግን የማውረጃ ሂደታቸውን በዚያው መስመር ስለሚጽፉ ጫጫታው ተመልሶ ይመጣል።

በእጅ ለሚሠራ ሥራ ግን አልመክረውም። ትእዛዙ እስኪያልቅ ድረስ ተርሚናሉ ላይ አንዳች ስለማይታይ፣ ሥራው ይሂድ ይቁም አይታወቅም። ሲከሽፍም መደበኛውን ውጤት አስቀድሞ ስሕተቱን ከኋላ ስለሚያወጣ፣ የትኛው ስሕተት ከየትኛው እርምጃ በኋላ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ክሮኒክን በስክሪፕቱ ውስጥ ሳይሆን በክሮን መስመር ላይ ብቻ እጽፈዋለሁ።

ክሮኒክ ውጤቱን የሚይዘው በሜሞሪ ስለሆነ፣ መካከል ላይ መብራት ከጠፋ እስከዚያ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ረጅም ሰዓት የሚፈጁት ስክሪፕቶቼ በሎግ (መዝገብ) ፋይልም እንዲጽፉ ያደረግሁት ለዚህ ነው፤ በየመስመሩ ሰዓት የሚጨምረው ቲኤስም ከዚያው ጥቅል ተገኝቷል።