ቢሾፍቱ ወይስ ሐዋሳ? የስብሰባ ቦታ ለምትመርጡ

ግብዣው ሲደርስ ከአጀንዳው በፊት የሚጠየቀው "የት ነው?" ነው። ሐዋሳ ከተባለ ዝርዝሩ ወዲያው ይሞላል። አዲስ አበባ ከተባለ "ተወካይ እልካለሁ" ይመጣል። አበሉ የራሱ ድርሻ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ግን አበሉ እኩል ቢሆንም ሐይቅ ያለው ከተማ ያሸንፋል። ለአዘጋጅ ዋናው ነገር ይሄ ውበት ሰውን አዳራሽ ውስጥ ያቆየዋል ወይስ ያስኮበልለዋል የሚለው ነው።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በፍጥነት መንገዱ ጠዋት ተነስቶ ለ3 ሰዓት መክፈቻ መድረስ ይቻላል። ብዙዎቹ ሪዞርቶች ሐይቅ ዳር ስለተሠሩ አዳራሹ፣ መኝታውና እይታው አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ተሳታፊው በሻይ ሰዓት ስኒውን ይዞ ባቦጋያን ወይም ኩሪፍቱን አይቶ ይመለሳል። ጣጣው ቅርበቷ ነው። ኃላፊው መክፈቻውን ተናግሮ ከምሳ በፊት ወደ ቢሮው ይበራል፤ "ማታ ቤቴ አድሬ ልምጣ" የሚልም አይጠፋም። ከመስቀል ቀጥሎ ኢሬቻ በሚከበርበት ሰሞን ደግሞ መንገዱም ማረፊያውም ስለሚጨናነቅ ቀን ቀይሩ።

ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በመኪና ግማሽ ቀን ይበላል፤ የ2 ቀን ስብሰባ ከነጉዞው 4 ቀን ይሆናል። በረራ አለ፣ በጀቱ ከቻለ። ግን የሄደ ሰው ያድራል። ቀን ላይ በደብዳቤ ብቻ የሚተዋወቁ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ማታ ሐይቁ ዳር አብረው ይንሸራሸራሉ፣ አሳ ይበላሉ። አዳራሽ ውስጥ ያልተቋጨው ጉዳይ እዚያ ሲቋጭ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ፈተናው ጠዋት ነው። አሞራ ገደል ላይ አሳ አጥማጆቹ አሳቸውን እያጸዱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት እስኪወረወርላቸው እግራቸው ሥር ቆመው፣ ማን ለ"መግቢያ ንግግር" ይቸኩላል? ስለዚህ ጉብኝቱን ራሳችሁ ፕሮግራም ውስጥ አስገቡት፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ 4 ሰዓት አድርጉት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያነቡ አዋቂዎች ናቸው። እንደ ገና በቋሚ ቀን ስለማይውል ሆቴሉን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አዳማ? ሙቀቷን ከቻላችሁ ለሥልጠና ትሆናለች። የሚያስኮበልል ሐይቅም የላትም።

አዲስ አበባን ግን ለውጭ እንግዳ አትናቋት። ለእኛ ትራፊክና ቢሮ ናት። ከናይሮቢ ወይም ከዳካር ለሚመጣ ሰው ግን በ1963 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አፍሪካ አዳራሽ ያለባት ከተማ ናት፤ ቀጥታ በረራም አላት።

የእኔ ምርጫ? ሰነድ አጠናቅቃችሁ ፈርማችሁ የምትመለሱ ከሆነ ቢሾፍቱ። የማይተዋወቁ ሰዎችን ለማቀራረብ ከሆነና 3 ሌሊት የሚችል በጀት ካላችሁ ሐዋሳ፣ ያለ ጥርጥር። ውል ከመፈረማችሁ በፊት አዳራሹን ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ እዩት። ሐይቁን የሚያሳየው ትልቅ መስኮት ፀሐይ ስትዞር ፕሮጀክተሩን ያጠፋዋል፤ ወፍራም መጋረጃ መኖሩን አረጋግጡ።