ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ አጥር መረብ፦ ከመርካቶ ገዝቼ በክረምትም በበጋም የሞከርኩት

ሰንዳፋ አካባቢ በተከራየሁት መሬት ላይ 22 የመንዝ በጎች አሉኝ። ግጦሹ ጠባብ በመሆኑ፣ በጎቹ ሣሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ረግጠው እንዳያበላሹት በየሦስት ቀኑ ነቅዬ ሌላ ቦታ የምተክለው አጥር ሳፈላልግ ቆይቼ፣ ባለፈው ዓመት ሰኔ መርካቶ ከሚገኝ አንድ የእርሻ ዕቃ መሸጫ የኤሌክትሪክ መረብ ገዛሁ። ዕቃው በጥሩ ሁኔታ አገልግሎኛል፤ ሆኖም ገዢ አጥብቆ መመርመር ያለበት መረቡን ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

መረቡ 50 ሜትር ርዝመትና 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን፣ 14 የፕላስቲክ ችካሎች አብረውት ተያይዘዋል። ሱቁ በር ላይ ጫፉን ዘርግቼ አንዱን አግድም ክር በጥፍሬ ፈታ አድርጌ ስመለከተው፣ በነጩ የፕላስቲክ ክር መካከል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሦስት የማይዝጉ ሽቦዎች ተገምደው አየሁ። ኮረንቲውን የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው፤ ሲበዙ ኮረንቲው ሳይዳከም ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ አንዱ ቢበጠስም ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ሻጩ ቢቸኩልም እንኳ ገዢ ሽቦዎቹን ሳይቆጥር ገንዘብ ባይከፍል እመክራለሁ። የታችኛው ክር ግን ምንም ሽቦ የለውም፤ መሬት ላይ ስለሚተኛ ኮረንቲው ወደ አፈር እንዳይፈስ ታስቦ የተደረገ እንጂ ጉድለት አይደለም።

አንድ መረብ በእኩል አራት ማዕዘን ሲተከል የሚከልለው 156 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሁለት መረቦች ጫፍ ለጫፍ ሲያያዙ ግን 625 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ዙሪያው እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ያድጋልና። ይህን ማታ ቤቴ ተቀምጬ በወረቀት ካሰላሁ በኋላ በማግስቱ ሁለተኛውን ለመግዛት ወደ መርካቶ ተመለስኩ።

ኮረንቲውን የሚልከው ኢነርጃይዘር ለብቻው ይሸጣል። ሻጩ ወጪ ሊቀንስልኝ አስቦ ይመስለኛል፣ «ጋሼ፣ ከቤት መብራትም ቢቀጥሉት ይሠራል» አለኝ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት፣ ሰውንም እንስሳንም የሚገድል ነገር ነው። የቤት መብራት 220 ቮልት ቢሆንም ያለማቋረጥ ስለሚፈስ የነካውን ይዞ ያስቀራል፤ ኢነርጃይዘሩ ግን በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ቢልክም፣ የሚልከው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል፣ ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ቅጽበት ስለሆነ በጉን አስደንግጦ ይለቀዋል። እኔ በፀሐይ ኃይል የሚሠራውን መረጥኩ።

በክረምት ችካሎቹ ያለ ችግር ገቡ፤ ዋልካው ሲረጥብ ግን የማዕዘኖቹ ችካሎች ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብሉ በገመድ ወደ ውጭ ወጥሬ ማሰር ነበረብኝ። ሣሩ አድጎ የላይኞቹን ክሮች ሲነካ ኮረንቲው እየፈሰሰ ይዳከማል፤ በመሆኑም መረቡን ከመትከሌ በፊት መስመሩን በማጭድ አጭዳለሁ። መረቡ እንደሚነዝር እንዲማሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በጎቹን ጠበብ ባለ ቦታ አዋልኳቸው። አንዲት እናት በግ ቀርባ ክሩን በእርጥብ አፍንጫዋ አሸተተች፣ በአራት እግሯ ዘልላ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ከዚያ ወዲህ ከመረቡ አንድ ክንድ ርቃ ነው የምትግጠው። በአፍንጫዋ መንካቷ መልካም ሆነ፤ የመንዝ በግ ጸጉር ኮረንቲ ስለማያስተላልፍ በጎኗ ብትደገፈው ኖሮ ምንም ሳይሰማት ትጥሰው ነበር።

ፈተናው የመጣው በየካቲት ነው። በጎቹ መረቡን መግፋት ጀመሩ፤ የአጥሩን ቮልት በሚለካው ቴስተር ስለካው፣ በክረምት ከ5,000 ቮልት በላይ ያነብ የነበረው መሣሪያ 2,000 እንኳ አልደረሰም። ኢነርጃይዘሩ የተበላሸ መስሎኝ ተሸክሜው መርካቶ ድረስ ተመላለስኩ፤ ምንም አልሆነም ነበር። ኮረንቲው በበጉ እግር ወደ አፈር ገብቶ፣ በአፈሩ ውስጥ አልፎ፣ ከኢነርጃይዘሩ ጋር ተያይዞ መሬት ውስጥ በሚተከለው የብረት ዘንግ (ግራውንድ) በኩል ወደ ኢነርጃይዘሩ ካልተመለሰ በጉን አይነዝረውም። ዋልካ ደግሞ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ የእኔም ዘንግ ስንጥቅ ውስጥ ቆሞ ጎኑ አፈር ሳይነካ ቀርቶ ነበር። አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ዘንጎች ጨምሬ፣ በሦስት ሜትር ርቀት ተክዬ፣ የተተከሉበትን አፈር በውኃ ሳረጥበው ቴስተሩ ከ4,000 በላይ አነበበ። ሱቁ ለዚህ ሁሉ አጥር የሰጠኝ እንደ ክንድ ያጠረች አንዲት ዘንግ ብቻ መሆኗ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ቀንዳም ፍየል ላላቸው ይህን መረብ ለመምከር እቸገራለሁ፤ ቀንዱ ከገባ አይወጣም፣ እንስሳው በታገለ ቁጥርም ይበልጥ ይጠመጠምበታል። ገና የተወለዱ ግልገሎችንም አላስገባም። ኮረንቲው ተቋርጦ መረቡ ተተክሎ እንዲቆይ አልፈቅድም፤ በጎቹ እንደማይነዝር ካወቁ ይለምዱታልና። በጅብ ላይም ስላልተማመንኩበት፣ ሲመሽ በጎቹ ወደ ጉሮኖ ይገባሉ።

ለመጪው በጋ የምፈልገው ሌላ ዓይነት መረብ ነው፦ ክሮቹ አንዱ ከኢነርጃይዘሩ፣ ቀጣዩ ከግራውንዱ ጋር እየተፈራረቁ የተያያዙበት፣ በጉ ሁለቱን አንድ ላይ ሲነካ አፈሩ ቢደርቅም የሚነዝረው። ፒያሳና መርካቶ በሚገኙ ሦስት ሱቆች ጠይቄ አላገኘሁትም፤ ሁለቱ ካስመጡ ሊደውሉልኝ ስልኬን ጽፈው ይዘዋል።