ሁለቱ «ማይ ሲስተር አይሊን»፦ የ1942ቱ ወይስ የ1955ቱ?

ከኦሃዮ ወደ ኒውዮርክ መጥተው በግሪንዊች ቪሌጅ ምድር ቤት የተከራዩትን የሁለቱን እህትማማቾች፣ የሩትንና የአይሊንን ታሪክ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ በ1942 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ፊልም አድርጎታል። የመጀመሪያው ሙዚቃዊ ያልሆነ ኮሜዲ ሲሆን፣ በዚሁ ሚና ለኦስካር የታጨችው ሮዛሊንድ ራስል በታላቋ እህት ፈጣን አንደበት ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ትሸከመዋለች። እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሩትንና አይሊንን በሚጫወቱት በቤቲ ጋሬትና በጃኔት ሊ መካከል፣ ወንዶችን ሁሉ ከምትስብ ታናሽ እህት ጎን የመኖር ፍቅሩም ቅሬታውም ጎልቶ ይሰማል። ቦብ ፎሲ ያቀናበረው፣ እርሱና ቶሚ ራል በጠባቡ መተላለፊያ የሚፎካከሩበት ዳንስ ደግሞ የአፍቃሪዎቹን እሽቅድምድም ያለ አንዲት ቃል ይናገራል። ፎሲ የተጫወተውን ገጸ ባሕርይ በ1942ቱ ፊልም የተጫወተው ሪቻርድ ኳይን ነበር፤ የ1955ቱን ፊልም ያዘጋጀውም እርሱው ራሱ ነው።